ጣሪያው የሚሰማውና ወለሉ የሚሰማው፦ የአክሰስ ፖይንቶችን የሬዲዮ አስተዳደር ስለማዋቀር

የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼ፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣችሁ ተማሪዎች፣ ከሥራ ወጥታችሁ ቤታችሁ ሳትደርሱ እዚህ የተቀመጣችሁ፣ መንገድ ተዘጋግቶባችሁ ገና አሁን የምትገቡትም ሁሉ፣ እንደምን አመሻችሁ!

ወደዚህ መድረክ ከመውጣቴ በፊት ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ በስልኬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚሰሙትን የዋይፋይ ኔትወርኮች ቆጠርሁ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ብቻ 31 አገኘሁ። ሞገዱ ቻናል በሚባሉ መስመሮች የተከፋፈለ ነው፤ አብዛኞቹ በቻናል 1፣ በ6 ወይም በ11 ላይ ናቸው፤ አንዱ ግን ብቻውን ቻናል 4 ላይ ተቀምጧል። የቻናል 4 ባለቤት በመካከላችን ካለ እጁን እንዲያወጣ አልጠይቅም፤ ከንግግሬ በኋላ ግን ሻይ ይዘን ብናወራ ደስ ይለኛል።

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት የሬዲዮ ሀብት አስተዳደርን፣ በሥራ ቋንቋችን አር አር ኤም የምንለውን፣ ዋይፋዩን በሚያሰራጩት ሣጥኖች፣ በአክሰስ ፖይንቶች ላይ እንዴት እንደምናዋቅር ነው። ርዕሱ ደረቅ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከእናንተ መካከል «ዋይፋዩ ሙሉ ያሳያል፣ ግን አይሠራም» የሚል ስልክ ተደውሎለት የማያውቅ ማን አለ? «ጠዋት ደህና ነበር፣ ረፋድ ላይ ሞተ» ተብሎ ያልተጠራስ? እንዲህ ያለውን አቤቱታ ተከትዬ ስሄድ ብዙ ጊዜ የምደርሰው ከኢንተርኔት መስመሩ ዘንድ ሳይሆን ከሬዲዮው ቅንብር ዘንድ ነው። የሬዲዮውን ቅንብር ማን እንዳዋቀረው ስጠይቅ ደግሞ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አውቶ ላይ ነው።» አውቶ ላይ ነው! ይህን ቃል ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

ንግግሬን በሦስት ነጥብ እከፍለዋለሁ። አንደኛ፣ ይህ ሥርዓት የሚሰማው ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ በማሰራጫ ኃይልና በቻናል ላይ ምን ወሰን እንስጠው? ሦስተኛ፣ መቼ እንዲንቀሳቀስ እንፍቀድለት? ሦስተኛው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኔን ግን በሰው ፊት ያሳፈረኝ እሱ ነው። ምሳሌዎቼን በአብዛኛው ሲስኮ ከተባለው ኩባንያ ኮንትሮለሮች፣ ማለትም አክሰስ ፖይንቶቹን በአንድነት ከሚያዝዙት ማሽኖች፣ እወስዳለሁ፤ ብዙ የሠራሁት በእነሱ ላይ ስለሆነ እንጂ ሌሎቹን ለማሳነስ አይደለም።

እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር። አየሩ የጋራ ነው። ሽቦ ቢሆን ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱን መስመር እንዘረጋለት ነበር፤ በዋይፋይ ግን በአንድ ቻናል ላይ ያሉ መሣሪያዎች ሁሉ፣ አክሰስ ፖይንቱም ስልኩም ላፕቶፑም፣ የሚናገሩት ተራ ጠብቀው ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፣ ዝም ሲባል ደግሞ የቀደመው ይናገራል፤ ሰብሳቢ እንደሌለው የእድር ስብሰባ ማለት ነው። ሁለት አክሰስ ፖይንቶች አንድ ቻናል ላይ ሆነው የሚሰማሙ ከሆነ ሁለት ስብሰባ አላችሁ ብላችሁ አትቁጠሩ፤ አንድ ስብሰባ ነው፣ ተናጋሪው ብቻ በዛ። እሱስ ይሁን፣ ቢያንስ ቋንቋቸው አንድ ስለሆነ ተራ ይጠባበቃሉ። የባሰው እንደ ቻናል 4 ያለው ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የቻናሎቹ መሐል እርስ በርስ የሚራራቀው በ5 ሜጋኸርዝ ብቻ ሲሆን አንድ ቻናል የሚይዘው ስፋት ግን 20 ሜጋኸርዝ ያህል ነው፤ ስለዚህ ሳይነካኩ አብረው መኖር የሚችሉት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ቻናል 4 ከ1ም ከ6ም ጋር ይደራረባል። ንግግሩ ለሁለቱም የማይገባ፣ ከጎረቤት ድንኳን በድምፅ ማጉያ እንደሚመጣ ጩኸት ሆኖ ሁለቱንም ስብሰባ ይበጠብጣል።

አር አር ኤም የተሠራው ይህን የጋራ አየር ለማከፋፈል ነው። ሥራዎቹ በዋናነት ሦስት ናቸው፦ ለእያንዳንዱ አክሰስ ፖይንት ቻናል ይመርጣል፣ የማሰራጫ ኃይሉን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ሲግናል ያልደረሰው ቦታ ያለ ሲመስለው ደግሞ ኃይል ጨምሮ ለመሸፈን ይሞክራል። መልካም። ግን ይህን ሁሉ የሚወስነው ምን ሰምቶ ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የዛሬው ንግግሬ መሠረት ይህ ነውና። በሲስኮ ሥርዓት እያንዳንዱ አክሰስ ፖይንት በየ180 ሰከንዱ፣ ይህ ዲፎልቱ ማለትም ካልነካነው ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ቅንብር ነው፣ በየቻናሉ ላይ አጭር የሰላምታ መልእክት ያሰራጫል። መልእክቱ የሚላከው በሙሉ ኃይል ነው። ጎረቤት አክሰስ ፖይንቶች ይሰሙትና «እገሌን ይህን በሚያህል ጥንካሬ ሰማሁት» ብለው ይመዘግባሉ። ከኮንትሮለሮቹ አንዱ የቡድኑ መሪ ሆኖ መዝገቡን ሁሉ ይሰበስባል፣ ያሰላል፣ ይወስናል። አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ የሰው ስልክ አለ? የለም። የሚነጋገረው ጣሪያ ከጣሪያ ጋር ነው። ሰውዬው ግን ያለው ወለሉ ላይ ነው፤ ከብሎኬት ግድግዳ ጀርባ፣ ከብረት መዝገብ ሣጥን አጠገብ፣ ስልኩን ኪሱ ከቶ። ጣሪያው የሚሰማውና ወለሉ የሚሰማው አንድ አይደለም። እኛን ባለሙያዎቹን ደመወዝ የሚያስበላን በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ይህ በቁጥር እንዴት እንደሚታይ ላሳያችሁ። የኃይል ቁጥጥሩ ስሌት ቀላል ነው። አንድን አክሰስ ፖይንት ይወስዳል፣ ከጎረቤቶቹ መካከል በጥንካሬ ሦስተኛ የሆነውን ይመለከታል፣ የዚያን ሲግናል ዲፎልቱ ማይነስ 70 ዲቢኤም ከሆነው መለኪያ ጋር ያነጻጽራል። ዲቢኤም የሲግናል ኃይል መስፈሪያ ነው፤ ማይነስ ያለው ቁጥር ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ይበረታል። ከፍተኛው ኃይል 20 ዲቢኤም ማለትም 100 ሚሊዋት ነው እንበል፤ ሦስተኛው ጎረቤትም በማይነስ 58 ይሰማል። ከመለኪያው በ12 በልጧል፤ ስለዚህ ከ20 ላይ 12 ይቀነስና 8 ዲቢኤም ይቀራል፣ 6 ሚሊዋት ገደማ። ልብ በሉ፣ ሦስተኛ ጎረቤት ከሌለ ስሌቱም የለም። ሦስት አክሰስ ፖይንት ብቻ ባለው ቅርንጫፍ ቢሮ «አውቶ ላይ ነው» ብሎ የኃይል ቁጥጥሩን መጠበቅ ከንቱ ነው፤ እያንዳንዱ ያለው ሁለት ጎረቤት ብቻ ነውና ሁሉም በሙሉ ድምፁ እየጮኸ ይኖራል።

አሁን ስሙን ወደማልጠራው አንድ ሕንፃ ልውሰዳችሁ። ባለ 7 ፎቅ ነው፤ መካከሉ ከምድር ቤት እስከ መስታወት ጣሪያው ክፍት ሆኖ ዙሪያውን በረንዳ የከበበው፣ አዲስ አበባ ውስጥ በየዋናው መንገድ የምናየው ዓይነት። አክሰስ ፖይንቶቹ የተሰቀሉት በረንዳው ጣሪያ ላይ ነበር። ለምን? ኬብሉ በዚያ በኩል ስለሚያልፍ፣ መሰላሉም በዚያ በኩል ስለሚቆም። ቢሮዎቹ ከበረንዳው ኋላ፣ ከብሎኬት ግድግዳና ከብረት በር ጀርባ ናቸው። የኮንትሮለሩ መከታተያ ገጽ፣ ዳሽቦርዱ፣ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ ግን ያማርራል። ስደርስ 4ኛ ፎቅ ላይ አንዲት በዕድሜ ገፋ ያሉ የሒሳብ ሠራተኛ ተቀበሉኝና፣ «ልጄ፣ ደመወዝ የምልክበት ቀን ላፕቶፔን ታቅፌ በረንዳ ላይ እወጣለሁ፤ የሰዉን ሁሉ ደመወዝ አላፊ አግዳሚው እያነበበው ያልፋል» አሉኝ። በሃያ ዓመት ሥራዬ ዋይፋይ የሥራ ምሥጢር ሲያወጣ ያየሁት ያን ቀን ነው።

መለኪያዬን አውጥቼ አብሬያቸው ሄድሁ። በረንዳው ላይ ማይነስ 58። በራቸው ላይ ማይነስ 66። ጠረጴዛቸው ዘንድ፣ በሩ ሲዘጋ፣ ማይነስ 81። ከዚያ ኮንትሮለሩን ከፈትሁ። የ4ኛ ፎቁ አክሰስ ፖይንት 2 ዲቢኤም ላይ ነው! ከ2 ሚሊዋት ያነሰ! ምክንያቱን አሁን እናንተም ትገምታላችሁ። ክፍቱ ቦታ ላይ ግድግዳ የለም። የ4ኛው ፎቅ አክሰስ ፖይንት የ3ኛውን፣ የ5ኛውን፣ ማዶ በረንዳ ላይ ያለውን ሁሉ ፊት ለፊት ይሰማል፤ ሦስተኛው ጎረቤቱ ማይነስ 52 ላይ ነበር። ስሌቱም ያለ አንዳች ስሕተት ሠራ፦ 18 ቀነሰ። ማሽኑ «እዚህ ጎረቤት በዝቷል፣ ድምፅህን ቀንስ» አለው፤ እሱም ታዘዘ። ማሽኑ ተሳስቷል ማለት አንችልም፤ ከጣሪያው የሰማው እውነት ነው። ሴትየዋ ግን ጣሪያው ላይ አልነበሩም።

ታዲያ ምን አደረግሁ? ወደ ሁለተኛው ነጥቤ የምሻገረው በዚህ ነው፦ ወሰን መስጠት። በኃይል ቁጥጥሩ ላይ ዝቅተኛና ከፍተኛ የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ በዲፎልት እንዳሉ ሲተዉ ወሰን የለም ማለት ነው። ለበረንዳዎቹ የተለየ የአር ኤፍ ፕሮፋይል፣ ማለትም ለእነሱ ብቻ የሚሆን የሬዲዮ ቅንብር፣ ሠርቼ ዝቅተኛውን 14 ዲቢኤም አደረግሁት። 12 ዲቢ ጨመረ፤ የወይዘሮዋ ጠረጴዛ ከማይነስ 81 ወደ ማይነስ 69 መጣ። ደስ ይላል አይደል? አይበቃም ነበር። ለድምፅና ለቪዲዮ ጥሪ የምንፈልገው ማይነስ 67 ወይም ከዚያ የተሻለ ነው፤ በዚያ ላይ ኃይል ስለጨመርሁ ክፍቱ ቦታ ላይ ያሉት አክሰስ ፖይንቶች ይበልጥ መጯጯህ ጀመሩ። በመጨረሻ ያዳነን ቅንብር ሳይሆን መሰላል ነው፤ ከየፎቁ የተወሰኑትን አክሰስ ፖይንቶች ነቅለን ወደ ውስጥ፣ ቢሮዎቹ መካከል ወዳለው መተላለፊያ አስገባናቸው። ግድግዳው ያን ጊዜ ወዳጃችን ሆነ፣ አንዱን ከሌላው ለየልን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ኬብሉ ባለበት የተሰቀለን አክሰስ ፖይንት የትኛውም ስሌት አያቀናውም። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ኮንትሮለሩን ከመክፈታችሁ በፊት ፎቁን ዙሩ። ሕንፃውን ዙሩ!

ምን ያህል ወሰን እንስጥ ለሚለው ሁሉን የሚገዛ ቁጥር የለም፤ እኔ ተራ ለሆነ ቢሮ በ5 ጊጋኸርዝ ከ11 እስከ 17 ዲቢኤም ባለው ጀምሬ በልኬት አስተካክላለሁ። 2.4 ጊጋኸርዙ በተመሳሳይ ኃይል ከ5 ጊጋኸርዙ በ6 ወይም 7 ዲቢ ያህል በርትቶ ይደርሳል፤ ስለዚህ እሱን በዚያው ልክ ዝቅ አደርገዋለሁ፤ አለዚያ ስልኮች ሁሉ ወደ ተጨናነቀው ሞገድ ይጎርፋሉ። ከፍተኛውን ለምን እንገድባለን የሚል ይኖራል። በሜክሲኮ የታክሲ መነሻ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ረዳት ድምፁን ሲያነሣ ሁለተኛው ይበልጣል፣ ሦስተኛው በር እየደበደበ ይጮኻል፤ በመጨረሻ ተሳፋሪው ማን ወዴት እንደሚሄድ አይሰማም። ሌላም ምክንያት አለ። አክሰስ ፖይንቱ በ20 ዲቢኤም ቢጮኽ ስልኩ በዚያ ልክ አይመልስም፤ ባትሪው ትንሽ፣ አንቴናው ትንሽ ነው። ስልኩ «ሲግናል ሙሉ ነው» ይላል፣ የእሱ ድምፅ ግን ጣሪያው አይደርስም። «ሙሉ ያሳያል፣ ግን አይሠራም» የተባለው አቤቱታ አንዱ ምንጩ ይህ ነው።

የሽፋን ቀዳዳ ፈልጎ የሚደፍነውን ሦስተኛውን ሥራ በአጭሩ ልለፈው። በዲፎልት ቢያንስ 3 መሣሪያዎችና ከተያያዙት 25 በመቶው ከማይነስ 80 በታች ሲሰሙ አክሰስ ፖይንቱ ኃይሉን ይጨምራል። እዚህ ጣሪያው ስልኮችን ሊሰማ ሞከረ ማለት ነው፣ መልካም። ችግሩ፣ ወደ የትኛው አክሰስ ፖይንት እንደሚሻገር የሚወስነው ስልኩ ራሱ መሆኑ ነው። ምድር ቤት ተያይዞ 3ኛ ፎቅ የወጣ፣ የቀድሞውን አልለቅም ያለ ስልክ ለማሽኑ ቀዳዳ ይመስለዋል። እኔ ከፍተኛውን ወሰን ገድቤ ይህን እንደበራ እተወዋለሁ፤ የቀዳዳ ማስጠንቀቂያው ደጋግሞ ከአንድ ቦታ ሲመጣ ግን ሄጄ አያለሁ።

ወደ ቻናል ልምጣ። በመጀመሪያ ስፋቱን ተነጋገሩበት። አንድ ጊዜ አንድ የሥራ ኃላፊ ስልካቸውን ይዘው መጥተው «ቤቴ የፍጥነት መለኪያው ከዚህ ይበልጣል» አሉና ሁሉም 80 ሜጋኸርዝ ይደረግ ተባለ። እኔም አደረግሁት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ማስረዳት ነበረብኝ። በ5 ጊጋኸርዝ የራዳር ግዴታ ያለባቸውን ቻናሎች ብንተው በ80 ሜጋኸርዝ የሚገኙት ሁለት ብቻ ናቸው፦ ከ36 እስከ 48 ያሉት አራቱ አንድ ላይ፣ ከ149 እስከ 161 ያሉትም አራቱ አንድ ላይ። በ20 ሜጋኸርዝ ቢሆን ከዚያው ቦታ 165ን ጨምሮ ዘጠኝ ቻናል ይወጣ ነበር። በአንድ ፎቅ 12 አክሰስ ፖይንት ባለበት ቤት ሁለት ቻናል ማከፋፈል ምን ማለት ነው? ስድስት ስድስት ሆነው ተራ ይጠባበቃሉ ማለት ነው። የኃላፊው ስልክ ማታ ሰው ሲወጣ ፈጠነ፤ ቀን ግን ሁሉም ቆመ። መሣሪያ በሚበዛበት ቦታ 20፣ ራቅ ራቅ ብሎ በተሰቀለበት 40፤ ከዚያ በላይ እንዲሄድ የምፈቅደው ባዶ አየር በእርግጥ ሲኖር ነው። ስድስት ጊጋኸርዝ ይህን ያቀላል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 የ1200 ሜጋኸርዝ ስፋት ከፍታለታለች። እኛ ዘንድ ያለው የአብዛኛው ሰው ስልክ ግን ገና ያንን ሞገድ አይሰማም።

ራዳር ስል፣ ከ52 እስከ 64 እና ከ100 ጀምሮ እስከ 144 ያሉት ቻናሎች ከራዳር ጋር የምንጋራቸው ናቸው። አክሰስ ፖይንቱ እነሱ ላይ ከመናገሩ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ማዳመጥ አለበት፤ ራዳር ከሰማ ለቅቆ ይወጣል፣ ለ30 ደቂቃም አይመለስም። ብዙ ሰው ይህን ፈርቶ ሁሉንም ይዘጋቸዋል። እኔ እከፍታቸዋለሁ፣ ግን የኮንትሮለሩን መዝገብ፣ ሎጉን፣ ለሁለት ሳምንት እከታተላለሁ፤ በየቀኑ «ራዳር» እያለ የሚወጣውን ቻናል ብቻ ለይቼ ከዝርዝሩ አወጣለሁ። ሕንፃ ከሕንፃ ይለያያል፤ ያው አንዱ ሕንፃ እንኳ ምድር ቤቱና ላይኛው ፎቁ አንድ አይደሉም።

በ2.4 ጊጋኸርዝ ደግሞ አንድ ድፍረት ይኑራችሁ፤ ሬዲዮ አጥፉ። ሦስት ቻናል ላይ 12 አክሰስ ፖይንት ከደረደራችሁ የትኛውም ስሌት ከመደራረብ አያድናችሁም። ከየሦስቱ አክሰስ ፖይንት አንዱን አስቀርታችሁ የሌሎቹን የ2.4 ሬዲዮ ብታጠፉ አየሩ ይተነፍሳል። 1፣ 2፣ 5.5 እና 11 ሜጋቢት የሚባሉትን የጥንት ፍጥነቶችም ዝጉ፤ አንድ አክሰስ ፖይንት በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል «አለሁ» የሚለውን ጥሪ በ1 ሜጋቢት እየጎተተ ሲናገር ሌላው ሁሉ አፉን ዘግቶ ይጠብቃልና። ከመዝጋታችሁ በፊት ግን ግቢው ውስጥ ያረጀ የባርኮድ ማንበቢያ ወይም ፕሪንተር እንደሌለ ጠይቁ። ሳልጠይቅ ዘግቼ የመጋዘን ሠራተኞች ግማሽ ቀን በእጃቸው ሲጽፉ ውለዋል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ሁለት ነገር አደራ ልበላችሁ። የአገር ኮዱን በትክክል አስገቡ። «የእገሌን አገር ካስገባህ ፓወሩ ይጨምራል» የሚል ምክር ሰምታችኋል፤ እኔም ሰምቻለሁ። የሞገድ ጉዳይ የሕግ ጉዳይ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ፣ የሚፈቀደውን ከእሱ ጠይቁ። ሁለተኛው የአር ኤፍ ቡድን ስም ነው፤ ኮንትሮለሮች የአንድ ቡድን መሆናቸውን የሚተዋወቁበት። በአንድ ግቢ ሁለት ኮንትሮለር ካላችሁ ስሙ በሁለቱም ላይ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን፤ አንዱ በትልቁ ፊደል ሌላው በትንሹ ከተጻፈ እንኳ ይለያያል። ያን ጊዜ አንዱ የሌላውን አክሰስ ፖይንት እንደ ባዕድ ይቆጥርና ወንድማማቾች ሲሸሻሹ ይኖራሉ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ፣ ወዳሳፈረኝ። መቼ? የቻናል ምርጫው በዲፎልት በየ10 ደቂቃው ይሠራል። ቻናል ሲቀየር የተያያዙት ስልኮች አንዳንዶቹ ይከተላሉ፣ አንዳንዶቹ ይወድቁና እንደገና ይነሣሉ። በመንገድ የሚያልፍ አንድ የስልክ ሆትስፖት ማሽኑን አስደንግጦ በቀን መካከል ቻናል ሊያስቀይረው ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ ስሜታዊነቱን ዝቅ ማድረግ፣ ይኸውም ጥቅሙ ትልቅ ካልሆነ እንዳይንቀሳቀስ መንገር፣ እና ሥራውን ሰው ወደሌለበት ሰዓት ማዛወር። በአንድ መሥሪያ ቤት ተሰብስበን ተወያየን፤ በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይሁን ብለን ወሰንን። ቃለ ጉባኤ ተጻፈ። እኔ ኮንትሮለሩን ከፍቼ፣ በጥንቃቄ፣ መነሻ ሰዓቱ ላይ 9 ብዬ ጻፍሁ።

ገብቷችኋል! የኮንትሮለሩ 9 ሰዓት ለእኛ የጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ለሦስት ሳምንት፣ በየቀኑ፣ ሠራተኛው ገብቶ፣ ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ የኃላፊዎቹ የቪዲዮ ስብሰባ በሚጀመርበት ቅጽበት፣ ኔትወርኩ ራሱን ያናውጥ ነበር። እኔ የኢንተርኔት መስመሩን እከሳለሁ፣ ስዊች፣ ማለትም ኬብሎቹ የሚሰኩበትን መሣሪያ፣ እቀያይራለሁ። ያዳነችኝ የኃላፊው ጸሐፊ ናት፤ «ልክ 3 ሰዓት ላይ ነው፣ የዜናው ምልክት ሲሰማ» አለችኝ። ልክ የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ብልሽት ሰዓት አያከብርም፤ ሰዓት የሚያከብር የታዘዘ ነገር ብቻ ነው። መጻፍ የነበረብኝ 3 ነበር። ስለዚህ አደራችሁን፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ ኮንትሮለሩም በራሱ በየትኛው የሰዓት ክልል እንደተቀመጠ መጀመሪያ እዩ።

አሁን ደግሞ ሌሊቱን ራሱን እንጠርጥረው። ከእኛ ከተማ ጋር የተያያዘ ነገር ነው። በብዙ ሕንፃ ላይ ጎረቤት ተከራዮች ማታ ሲወጡ ብሬከሩን ዝቅ አድርገው ይሄዳሉ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አየሩ ንጹሕ ነው፣ 20 ኔትወርክ ጠፍቷል። ማሽኑ በባዶ ገበያ ቦታ መርጦ ይቀመጣል፤ ጠዋት ነጋዴው ሲገባ ራሱን ግርግር መሐል ያገኘዋል። አሩባ የተባለው ሌላ አምራች ኤርማች የሚለው ተመሳሳይ ሥርዓት ቀኑን ሙሉ የሰበሰበውን ይዞ አንድ ጊዜ አስልቶ በዲፎልት ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ስለሚያሠማራው በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። በሌላው ላይ እኔ አሁን የምመርጠው የጠዋቱን 1 ሰዓት ነው፤ ጎረቤት መክፈት ጀምሯል፣ የእኛ ሠራተኛ ገና ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ሆስፒታል ከሆነ ግን እንዲህ ያለ ባዶ ሰዓት የለም፤ እዚያ ስሜታዊነቱን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ለውጡን ከነርሶቹ ተረኛ ጋር ተስማምታችሁ በእጃችሁ አስነሡት።

የመብራት ነገርም አለ። አንድ ፎቅ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ፣ ኖሮት ሌላው ከሌለው፣ መብራት ሲሄድ የቀሩት አክሰስ ፖይንቶች ጎረቤቶቻቸው የሞቱ መስሏቸው ድምፃቸውን ያነሣሉ። መብራቱ ሲመለስ የተነሣው ድምፅ ወዲያው አይወርድም፤ ደረጃ በደረጃ፣ በየ10 ደቂቃው ነው የሚወርደው። መብራት ከመጣ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ለምን እንደሚበጠበጥ አሁን ታውቃላችሁ። ስዊቾቹን ከሁሉ በፊት ዩፒኤስ ላይ አድርጉ፤ ይህ የሬዲዮ ቅንብር አይመስልም፣ ነገር ግን ነው። አዲስ አክሰስ ፖይንቶች ስትጨምሩ ደግሞ የቻናል ምርጫውን ከመነሻው እንደገና አስጀምሩት፤ በየ10 ደቂቃው አሥር ዙር፣ ማለትም 100 ደቂቃ ያህል፣ ያለ ይሉኝታ ሁሉን አፍርሶ ያከፋፍላል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አድርጉት።

በመጨረሻም ካዋቀራችሁ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ አትንኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። በየቀኑ የቻናል ለውጡን ብዛትና የእያንዳንዱን አክሰስ ፖይንት ኃይል መዝግቡ። ሁሉም ዝቅተኛው ወሰን ላይ ከተለጠፉ አክሰስ ፖይንት በዝቷል ወይም ቦታው ተሳስቷል፤ ሁሉም ከፍተኛው ላይ ከተለጠፉ ደግሞ አንሷል። መሐል ላይ ተበታትነው ከቆዩ ልትተኙ ትችላላችሁ። ከዚያ ግን ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በእኛው አቆጣጠር፣ ስልካችሁን በደረታችሁ ልክ ይዛችሁ ከመጀመሪያው ጠረጴዛ እስከ መጨረሻው ሂዱ።

ጥያቄያችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ። ከጥያቄው በኋላ ደግሞ የዚህ አዳራሽ አክሰስ ፖይንት ከራሴ በላይ፣ መድረኩ ጣሪያ ላይ መሰቀሉን አይቻለሁ፤ ከዚህ እስከ ኋለኛው በር እየለካን አብሮኝ የሚሄድ ካለ መለኪያዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። የቻናል 4 ባለቤትም ቢመጣ አልጣላውም።